የቀን ገቢያችሁን እናንተ ጻፉት

(አራት ኪሎ አካባቢ በተደረገ የአነስተኛ ነጋዴዎችና የግል ሥራ ያላቸው ሰዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ አነጋገሩ እንዳለ ተትቷል።)

እንደምን ዋላችሁ? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቅ ዘግቶ ስብሰባ መምጣት ቀላል አይደለም። በተለይ ፀጉር ቤት ያላችሁ፣ ዛሬ ስንት ደንበኛ መልሳችሁ እንደመጣችሁ ይገባኛል። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? እሺ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ላሉ ትንንሽ ቤቶች ሂሳብ እሠራለሁ። ልብስ ሰፊ፣ ፎቶ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ማተሚያ ቤት። የገቢዎች ሠራተኛ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በር ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ስማችንን የምትጽፉት ለምንድነው?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። (ሳቅ) እማማ፣ ስም የተጻፈው ለሻይ ቡናው ቁጥር ነው። ማንም የትም አይወስደውም።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው ስለ ቲን ነምበር፣ ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ነው። ሁለተኛው የየቀኑን ገቢ ስለመመዝገብ ነው፤ እሱ ይረዝማል፣ የመጣሁትም ለእሱ ነው። ሦስተኛው ግብር ስለማሳወቅና ወረቀት ሲመጣባችሁ ስለምታደርጉት ነው።

እንጀምር። ቲን ነምበር ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ጥሩ፣ አብዛኛው አለው። ሁለት ያላችሁስ? (ሳቅ) አትሳቁ፣ አለ። አውቆ ሳይሆን ሳያውቅ። አንድ ልጅ ሆቴል ተቀጥሮ ይሠራል። ያኔ አሠሪው ቲን ያስወጣለታል። ከዚያ ሥራውን ይለቅና የራሱን በርገር ቤት ይከፍታል። «አሁን ነጋዴ ሆኛለሁ» ብሎ ሌላ ቁጥር ሊያወጣ ይሄዳል። አሻራ ሲሰጥ ስሙ ቀድሞ አለ። ይደነግጣል። የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ቁጥሩ 10 አሃዝ ነው፣ የሚከተለውም ሰውን ነው። ሱቅን አይደለም፣ ሥራንም አይደለም። ተቀጥራችሁ ደመወዝ ብትበሉ፣ በጎን ልብስ ብትሰፉ፣ ሁለት ሱቅ ብትከፍቱ፣ ቁጥሩ ያው አንድ ነው። ያንኑ ይዛችሁ ሄዳችሁ የንግድ ሥራችሁን ታስመዘግቡበታላችሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ማዋስ ነው። ቲን ይዋሳል? በኛ አገር ይዋሳል! ወንድም ነው፣ አማች ነው፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ «ለአንድ ጊዜ በስምሽ ዕቃ ልግዛበት» ይላል። እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ አንዲት እትዬ ነበሩ፣ ደንበኛዬ ናቸው። አንድ ቀን ወረቀት ይዘው መጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በስማቸው ብረትና ሲሚንቶ ተገዝቷል፤ ደረሰኙ ላይ የእሳቸው ቲን አለ። «የገዛሽውን የት ሸጥሽው? ሽያጩ ለምን አልተመዘገበም?» ነው ጥያቄው። እሳቸው ደግሞ «ልጄ፣ እኔ ጤፍ ነው የምገዛው፤ ብረት ምን ላድርገው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እውነት መሆኑን ማሳየት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ቁጥሩን የወሰደው የአማታቸው ልጅ ስልኩን ዘግቷል። ቲን የሰጠም የተጠቀመም በሕጉ ወንጀለኛ ነው፤ እስራት አለው። ዘመድ ሲጠይቃችሁ ምን በሉ መሰላችሁ? «ገንዘብ ከሆነ ላበድርህ እችላለሁ» በሉ። ገንዘቡ ቢጠፋ ገንዘብ ነው የጠፋው።

ቲን ስለሌላቸው ደግሞ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። እዚህ ወጣቶች አያለሁ። ዲዛይን የምትሠሩ፣ ቪዲዮ የምትቀርጹ፣ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ካፌ ውስጥ የምትሠሩ። «እኔ ሱቅ የለኝም፣ ቲን ምን ያደርግልኛል?» የምትሉ። አንድ ጎበዝ ልጅ ለአንድ ድርጅት የ120,000 ብር ሥራ ሠራ። ክፍያ ሲሄድ «ቲንህንና ንግድ ፈቃድህን» አሉት። የለውም። ስንት ቆረጡበት? 30 በመቶ። 36,000 ብር! ልጁ ድርጅቱ የቀማው መስሎት ሊጣላ ነበር። ድርጅቱ አልቀማውም። ሕጉ ነው እንዲህ ቁረጥ የሚለው። ወረቀቱን ቢያቀርብ ኖሮ በዚያን ጊዜ የሚቆረጥበት 2 በመቶ ነበር፣ 2,400 ብር ማለት ነው። አሁን በ2017ቱ ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል። 3 በመቶም ቢሆን 3,600 ነው። 36,000 የት፣ 3,600 የት!

ደግሞ ይቺ የምትቆረጠው ጠፍታ አትቀርም። ቅድመ ግብር ናት። ዓመቱ ሲያልቅ ከምትከፍሉት ግብር ላይ ትታሰብላችኋለች። መቼ? ደረሰኟን ከያዛችሁ። ከፋዩ «የሁለት ፐርሰንት» እያልን የምንጠራውን ደረሰኝ ሳይሰጣችሁ ከቢሮው አትውጡ። ስንቱ ነው ብሩን ተቀብሎ ደረሰኙን ረስቶ የሚሄደው? ደረሰኙ ራሱ ብር ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።

እሺ። ሁለተኛው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

በ2009 ዓ.ም. የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ? አዎ፣ ራሳችሁን የምትነቀንቁትን አያለሁ። የግብር መሥሪያ ቤት ገማቾች በየሱቁ ዞሩ። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» ብለው ጠየቁ፣ ዙሪያውን አዩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ሐምሌ ላይ ውጤቱ ሲነገር ከተማው ተንጫጫ። ሱቅ የዘጋ ነበር፣ ያለቀሰ ነበር። ቅሬታ ለማስገባት የነበረውን ሰልፍ የቆመበት ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን እኔ ጋ የመጣው ሰው ሁሉ «በዝቶብኛል» ነው የሚለው። እኔም ሁሉንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ «እሺ፣ ትክክለኛው ስንት ነው?» ዝም። «በቀን ስንት ትሸጣለህ?» «እንደ ቀኑ ነዋ!» «ትናንት ስንት ሸጥክ?» «ትናንት… እ…»

ትናንትናን ያላወቀ ሰው ዓመቱን በምን ያውቀዋል? ግምቱ የተጋነነበት እንደነበር አልክድም። ብዙው ተጋንኖ ነበር፣ በቅሬታ የተቀነሰለትም አለ። ግን ገማቹ «በቀን 5,000» ሲል ነጋዴው በእጁ ምን ነበረው? ምላሱ ብቻ። አንዱ ግምት ሌላው ግምት ጋር ሲከራከር፣ ማህተም ያለው ግምት ያሸንፋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲሉ አባቶቻችን ለነጋዴ የተናገሩት ይመስለኛል።

አሁን እርሳስ ያላችሁ ጻፉ። ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ በአዋጅ 979፣ ግብር ከፋዩ «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብሎ በሦስት ይከፈል ነበር። ዓመታዊ ገቢው ከ500,000 ብር በታች የሆነው «ሐ» ነበር፤ አብዛኞቻችን እዚያ ነበርን። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ የጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ 1395፣ «ሐ»ን አስቀረው። አሁን ሁለት ደረጃ ነው ያለው። መስመሩ 2 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ በላይ «ሀ»፣ ከዚያ በታች «ለ»። «ሀ» ማለት ሙሉ የሂሳብ መዝገብ ማለት ነው። ሂሳብ ሠራተኛ መቅጠር አለ፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ አለ። «ለ» ቀለል ይላል፤ ግብሩ ከዓመቱ ጠቅላላ ሽያጭ ተነስቶ ይሰላል።

2 ሚሊዮን ሲባል ሩቅ ይመስላል አይደል? «እኔና 2 ሚሊዮን ምንና ምን ነን?» ትላላችሁ። እስቲ ለ300 የሥራ ቀን አካፍሉት። ስንት መጣ? 6,667 ብር። በቀን! አንድ ደህና የሚሄድ ምሳ ቤት በቀን 6,667 ብር አይሸጥም? ይሸጣል። ስለዚህ መስመሩ ሩቅ አይደለም፣ ደጃችሁ ላይ ነው። የእውነት ሽያጫችሁ በቀን 5,000 ቢሆን 1.5 ሚሊዮን ነው፣ «ለ» ናችሁ። አንድ ሰው መጥቶ 7,000 ብሎ ቢገምት 2.1 ሚሊዮን ነው፣ «ሀ» ሆናችሁ። የ2,000 ብር የቀን ልዩነት አይደለም እኮ ጉዳዩ። ደረጃችሁ ይለወጣል፣ የሂሳብ አያያዛችሁ ይለወጣል፣ ወጪያችሁ ይለወጣል። በአንድ የምላስ ስህተት!

300 ቀን ያልኩት ራሱ ለማን ነው የሚሠራው? ሥጋ ቤት ያላችሁ አላችሁ? እሳቸው። ጋሼ፣ ሁዳዴ ላይ ይሠራሉ? … አይሠሩም። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ፍልሰታ ላይም የሚበላው ጥቂት ነው። ለእሳቸው 300 ቀን ከየት ይመጣል? ገማቹ የመጣው ግን መቼ ነው? የፋሲካ ሰሞን ቢሆንስ? በሩ ላይ ሰልፍ፣ ቢላው አያርፍም፣ ሚዛኑ አያርፍም። ያንን ቀን አይቶ በ300 ቢያባዛው ጋሼ አለቁ። መዝገብ ካላቸው ግን «ይኸው ሁዳዴ፣ ይኸው ዜሮ፣ ይኸው ዜሮ» ብለው ገጹን ይገልጣሉ። ዜሮ የሸጣችሁበትን ቀን መጻፍ ማለት እንዲህ ነው። ሰው የሸጠበትን ቀን ብቻ ይጽፋል። ያልሸጣችሁበትንም ጻፉት!

መዝገብ ስል የምትፈሩት ነገር አይደለም። ደብተር ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፣ ከእሷ ብዙ ተምሬያለሁ። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ነው። ባለ ካሬ ደብተር አላት፣ ጠርዙ በክር የታሰረ፣ ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ፈቅዳልኝ አንድ ገጽ ገልብጫለሁ፣ ላንብብላችሁ። «ጥር 8። ቀሚስ ማሳጠር 150። ሱሪ ዚፕ 100። የሐበሻ ቀሚስ ቀብድ 1,000፣ ቀሪ 2,500። ክር 120። ከሰባት ሰዓት በኋላ መብራት የለም፣ ተዘግቷል።» ሌላ ምንም የለውም። ከሥር መስመር ተሰምሯል፣ የገባው 1,250፣ የወጣው 120።

ይቺን ገጽ በደንብ እዩልኝ። ጥር 8 ለጥምቀት ሦስት ቀን ነው የቀረው። የሐበሻ ልብስ ሰፊ በዓመት ውስጥ ገንዘብ የሚያይበት ሰሞን ነው። መብራት ግን ጠፋ። ይህን ካልጻፈችው ማን ያምናታል? ደግሞ ቀብዱን እዩት። የገባውን 1,000 ብቻ ነው ጥር 8 ላይ የያዘችው። ቀሚሱን ስታስረክብ ደግሞ 2,500 ትጽፋለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቀብዱን ይጽፋል፣ ሲያስረክብ ደግሞ ሙሉውን 3,500 ይጽፋል። ያልተቀበለው 1,000 ብር ላይ ግብር ሊከፍል ነው! ምስኪን። መንግሥት እንኳ አልጠየቀውም።

ማታ ማታ ጻፉ። ጠዋት እጽፈዋለሁ ያለ አይጽፈውም። ሱቁን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ መጋረጃው ከወረደ በኋላ፣ ሂሳቡን እየቆጠራችሁ። በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው። ፌስቡክ ላይ ምን ያህል እንደምንቆይ እንተዋወቃለን። (ሳቅ)

አሁን ደግሞ ስልካችሁ ራሱ ይጽፋል። ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ። ደንበኛ «ላክልህ?» ይላል፣ «ላክ»። ድምፁ ቲንግ ይላል። እሱ የማይጠፋ መዝገብ ነው። ለእናንተም ማስረጃ ነው፣ በእናንተም ላይ ማስረጃ ነው። ችግሩ የት ነው? የሱቁም፣ የቤቱም፣ የእቁቡም ገንዘብ በአንድ አካውንት ሲገባ። አንድ ሰው ነበር፣ ባለ ፎቶ ቤት። የእቁብ ሰብሳቢ ነው። ሰው ያምነዋል፣ በየሳምንቱ የእቁብተኛው ብር በእሱ ስም ይገባል፣ ዕጣ ለወጣለት ያስተላልፋል። ኦዲት ሲመጣ አካውንቱ ውስጥ የገባው ገንዘብ ፎቶ ቤቱ በሦስት ዓመት የማያየው ነው። «ይሄ ምንድነው?» «እቁብ ነው።» «ማስረጃ?» የእቁቡ መዝገብ የት አለ? እግዜር ይስጣቸው፣ እቁብተኞቹ ደህና ሰዎች ስለሆኑ ፈርመው አወጡት። ፈርመው ባይወጡስ? ከውጭ እህት የምትልከውም እንዲሁ ነው። የለቅሶ መዋጮም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ምን ማድረግ ነው? ሌላ አካውንት ክፈቱ። ለሥራ አንድ፣ ለቤት አንድ። ይኼው ነው። የቴሌብር ወኪል የሆናችሁ ደግሞ ልብ በሉ። በእጃችሁ የሚያልፈው የሰው ገንዘብ ነው፣ የእናንተ ገቢ ኮሚሽኑ ነው። «በቀን ስንት ትሠራለህ?» ሲባል «ኧረ 50,000 ይንቀሳቀሳል» ብሎ የሚኩራራ ልጅ አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ ለማን ነው የምትኩራራው?

ወጪ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በሙሉ መዝገብ የምትሠሩትን ነው በይበልጥ የሚነካው። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ መርካቶ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቀነስ ላድርግልህ» ሲሏችሁ የምትደሰቱ፣ ያ የተቀነሰላችሁ ብር ሐምሌ ላይ ይመለስባችኋል። ደረሰኝ የሌለው ግዢ ወጪ ሆኖ አይያዝላችሁም። ወጪ ከሌላችሁ ሁሉም ትርፍ ነው ማለት ነው። ትርፉ ደግሞ ከፍ ሲል እስከ 35 በመቶ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የቤት ኪራይ። ውሉ ላይ 8,000 ተጽፎ በእጅ 25,000 የምትከፍሉ የላችሁም? (ጉምጉምታ) አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አከራዩ ካልሆነ ልቀቅ ይላል። አማራጭ የለም ትላላችሁ፣ ይገባኛል። ግን የምታደርጉትን እወቁት። ያ 17,000 ብር በየወሩ በመዝገብ የለም። የእሱን ግብር እናንተ እየከፈላችሁለት ነው። ሁሉም ተከራይ እሺ ስለሚል ነው አከራዩ የሚደፍረው። ቢያንስ በባንክ ልኬ ልክፈል በሉ። ገንዘብ በባንክ ሲሄድ ሰው ትንሽ ያፍራል።

እንግዲህ ሦስተኛው። ማሳወቅ።

የእኛ የግብር ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። መስከረም 1 አይደለም። «ሀ» የሆናችሁ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አላችሁ። አራት ወር ነው። ከ«ሀ» በታች ያላችሁ የጥቅምትን ቀን የእናንተ አድርጋችሁ እንዳትጠብቁ። የሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ ጨርሱት። በመጨረሻው ቀን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰው ደረጃው ላይ ተኮልኩሏል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ኔትወርክ የለም ይባላል። በማግስቱ ቅጣት ነው። በቀኑ አለማሳወቅ ካልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። 5 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። 60,000 ብር ግብር ያለበት ሰው አምስት ወር ቢተኛ 15,000 ነው። ዘግይቶ መክፈል ደግሞ ሌላ ቅጣት አለው፣ ወለድም አለ።

«ዘንድሮ ሥራ አልነበረም፣ ስለዚህ አልሄድም» የሚል ሰው አለ። ይሄ በጣም አደገኛ ነው! ሥራ ባይኖርም ሄዳችሁ የለም ብላችሁ ታሳውቃላችሁ። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ መዝገቡ ላይ ሱቃችሁ ክፍት ነው። የተዘጋ ሱቅ ግብር ሲቆጠርበት ብዙ አይቻለሁ። ሥራ ካቆማችሁ ፈቃዱን መልሱ፣ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ የለባችሁም የሚለውን ወረቀት፣ ውሰዱ። ክሊራንስ ሳትይዙ ደግሞ ፈቃድ ማደስም የለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር። እዚህ ውስጥ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁ የተነሳበት ሰው ስንት ነው? እናንተ፣ እናንተ፣ እነዚያም። አብዛኛው ዕቃውን አንስቶ ሌላ ቦታ ኪራይ ፈልጎ ሥራ ጀመረ። ጎበዝ። አድራሻ ያስቀየረ ስንት ነው? … እጅ ቀነሰ። ሕጉ አድራሻ ስትቀይሩ በ30 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። ይሄ ለግብር ሰብሳቢው ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤ ሲላክ የሚሄደው የድሮው ቦታ ነው። የድሮው ቦታ ላይ አሁን ምን አለ? የእግረኛ መንገድና አበባ። ደብዳቤውን ማን ይቀበላል? ቀኑ ግን ይቆጠራል። አንዳንድ ቤት ከሌላ ክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ጋር ፋይል ማዘዋወርም አለበት። ስልካችሁንም አብራችሁ አስቀይሩ፣ የድሮው ሲም የጠፋባችሁ አላችሁ።

አሁን ደብዳቤው መጣ እንበል። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ። አብዛኛው ሰው ምን ያደርጋል? ያጥፈዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ይጸልያል። ጸሎት ጥሩ ነው። ግን ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ 21 ቀን ነው! 21 ቀን። ስንት? (21!) አዎ። ደብዳቤው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ። በ22ኛው ቀን የምትመጡ ሰዎች ታሳዝኑኛላችሁ፤ ማስረጃችሁ ሙሉ ሆኖ ሰሚ ያጣችሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ደብዳቤ ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ። ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጉ። በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ማህተም አስመቱ። «ለኃላፊው በቃል ነግሬዋለሁ» የሚባል ቅሬታ የለም። ኃላፊው ይቀየራል።

ቅሬታው ውስጥ ምን ይጻፋል? «ድሃ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ» ብቻ አይጻፍ። እሱ እውነት ነው፣ ግን የሚሰላ ነገር አይደለም። «ውሳኔው የቀን ሽያጬን 7,000 ብሎታል፤ መዝገቤ 4,300 ያሳያል፤ የዚህን ያህል ቀን ተዘግቶ ነበር፤ የባንክ መግለጫ አያይዣለሁ» ተብሎ ይጻፋል። እዚያ ካልተስማማችሁ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አለ። እዚያ ለመሄድ ግን ከተከራከራችሁበት ግብር ግማሹን፣ 50 በመቶውን፣ ማስያዝ ያስፈልጋል። ለትንሽ ነጋዴ ግማሹን ማስያዝ ከባድ ነው፤ እኔ በግሌ አይዋጥልኝም። ግን ሕጉ እሱ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው በመጀመሪያው ቅሬታ ላይ ጨርሱት የምለው ለዚህ ነው።

ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ። ግብር ሰብሳቢው 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ሊያይ ይችላል። ማጭበርበር ካለበት ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። የሲሚንቶ ከረጢት ውስጥም ይሁን የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከአይጥ ይራቅ ብቻ። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፣ ፎቶ አንሱት።

ሰዓት አለፈብኝ መሰለኝ። አዘጋጁ እያየኝ ነው። ጥያቄ እንቀበል። በግራ በኩል ያሉት እናቴ ቀድመው እጅ አውጥተዋል፣ እስቲ ማይክሮፎኑን ስጧቸው።

(ጠያቂዋ፦ ሻይ ቤት አለኝ። እስከዛሬ ምንም አልጻፍኩም። ዓመቱ ሊያልቅ ነው። አሁን ከየት ልጀምር?)

ጎሽ፣ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ነበር የምፈልገው። እትዬ፣ ያለፈውን ከጭንቅላትዎ አይፍጠሩት። ፈጠራ መሆኑ ያስታውቃል፣ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ማታ የተጻፈ ደብተር ሲታይ ይታወቃል። ሰኞ ባንክዎ ይሂዱና ከሐምሌ 1 ጀምሮ ያለውን መግለጫ ማህተም አስመትተው ያውጡ። የቴሌብሩንም ልጅዎ ከስልኩ ላይ ያውጣልዎ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ዳቦ የሚያመጣልዎት ሰው አለ አይደል? እሱ ጋ ስንት እንደወሰዱ የተጻፈ ይኖራል፣ ቅጂውን ይጠይቁት። በወር ስንት ኪሎ ስኳር እንደገባ ከታወቀ ስንት ብርጭቆ ሻይ እንደወጣ በግምት ይደረስበታል። እኔም እንደዚያ ነው የምሠራው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ያለውን ደግሞ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ከዚህ በፊት ያለው «ከባንክና ከአቅራቢ የተሰበሰበ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ሁለቱን አያቀላቅሉ። ሲወጡ በር ላይ ይጠብቁኝ፣ ገጹን እንዴት እንደሚያሰምሩት አሳይዎታለሁ።

እሺ፣ ቀጣይ። ከኋላ ያለኸው ወንድሜ፣ ባለ ቀይ ሹራቡ።